ከደሴ ወደ ጅቡቲ፦ ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

በኢንተርኔት የምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልስ የሚደረደርበት ወግ፣ አለ። የከፈተችው አንዲት የደሴ ልጅ ናት። በመድረኩ ላይ ጦሳ በሚል ስም ነው የምትጽፈው። ወንድሟ ጅቡቲ ይሠራል፤ ሄዳ ልታየው አስባለች። ከአዲስ አበባ ውጪ ሩቅ አገር ሄዳ አታውቅም። አገር ውስጥ ስትጓዝ የምትይዘው ያው የሁላችንም ነው፤ ጋቢ፣ መታወቂያ፣ ቻርጀር፣ ስልኳ ላይ ያለ ቴሌብር። ለጅቡቲ ከዚህ ምን ይቀነስ፣ ምንስ ይጨመር ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ ብታቆም ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። ግን አንድ ነገር ጣል አደረገች። ድንበሩ ወዲህም ወዲያም አፋር ስለሆነ፣ ሙቀቱም ከሚሌ ጀምሮ ያው ስለሆነ፣ ያን ያህል ልዩነት እንደማይኖር መገመቷን ጻፈች። በዚህች ግምት ሰው ተነሳ።

የሰው ጽሑፍ አልገለብጥም። ማን ምን እንዳለ በተራ ልንገራችሁ። መሀል መሀል የራሴን ጣል አደርጋለሁ።

1ኛው መልስ የጋሼ ነው። በመድረኩ የሚታወቁት የሐይቁ በሚል ስም ነው፤ ጡረተኛ መምህር ናቸው። አብሽሪ ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ወሎዬ ያለዚህ ቃል ነገር አይከፍትም። የቀበሌ መታወቂያ ከድንበሩ ኬላ ከጋላፊ ወዲያ ወረቀት እንደሆነ፣ ፓስፖርት ግድ እንደሆነ ነገሯት። የጅቡቲ ዜጋ ወደ እኛ አገር ያለ ቪዛ ይገባል። ይህን ሰምቶ የኛም ሰው ወደዚያ እንዲሁ ይገባል ብሎ መነሳት ግን ጣጣ እንዳለው አስጠነቀቁ። አዲስ አበባ ያለውን የጅቡቲ ኤምባሲ ብትጠይቅ ወይም ጅቡቲ በኢንተርኔት የምትሰጠውን ቪዛ ብታወጣ ይሻላል አሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ፓስፖርቱ ውስጥ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ መልስ ደስ ይላል፤ ወግ የለውም፣ የሚጠቅም ብቻ።

2ኛው ስለ ልብስ ጻፈ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ኮምቦልቻ ስትወርጂ ጃኬት ይወልቃል፣ ባቲ ላይ ሹራብ ይወልቃል፣ ሚሌ ስትደርሺ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ያኔ የሚወልቅ የለም፣ ላብ ብቻ ነው አላት። ጅቡቲ ደግሞ ባህር ዳርቻ ናት። ከከተማው ራቅ ብሎ ያለው አሳል ሐይቅ እንዲያውም ከባህር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ስለዚህ ጋቢውን ቤት ትተሽ ውጪ ብሎ ደመደመ።

3ኛዋ ይህን አልተቀበለችም። ባቲ ሰኞ ነው ስሟ፤ ነጋዴ ትመስለኛለች። ጋቢ የሚያዘው ለጅቡቲ ሳይሆን ለደሴ መናኸሪያ ነው አለች። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያለ ጋቢ ምን ይሆናል? ከሚሌ ወዲያ ደግሞ ተጣጥፎ ትራስ ይሆናል። ለጅቡቲ ስስ ጥጥ ልብስ፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ራስ መሸፈኛ ነጠላና አንድ ሽርጥ ይበቃል። ሽርጡን ውኃ ነክሮ አንገት ላይ ጣል ማድረግ ከምንም ማራገቢያ እንደሚበልጥ ጨመረች። የወሩን ነገርም ያነሳችው እሷ ናት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጅቡቲ ለሰው ትሆናለች። በሰኔና በሐምሌ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምዕራብ በኩል አሸዋ ያዘለ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። የራሳቸው ሰዎች እንኳ አቅም ያለው ሁሉ ያን ጊዜ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ሽሽት ነው። በ2ኛውና በ3ኛዋ መካከል ፍረድ ብባል ለሷ ነው የምፈርደው። የደሴን ሌሊት የረሳ ሰው ደሴ አላደረም ማለት ነው።

4ኛው የኤሌክትሪክ ሰው ነው። መልሱ ሦስት መስመር ነበር። ሁለቱም አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፤ ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬት እዚያም ይገባል፤ ሌላ መሰኪያ አትግዢ። ስልክን በተመለከተ እኛ ጋ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም አለ፤ እዚያ ግን ያለው የመንግሥቱ ጅቡቲ ቴሌኮም ብቻ ነው። ሲም እዚያው አውጥተሽ ወደ ቤት በ251 ደውዪ፣ ቤተሰብ በ253 ይደውልልሽ አላት።

5ኛው መልስ የክሩ ጉልበት ነው። ሾፌር ነው፤ ተሳቢ ይነዳል። 4ኛውን በክፉ አነሳው። ሰው ስለ ሶኬት ሲያወራ ድንበር ላይ የሚያስለቅሰው ገንዘብ እንደሆነ ማን ይንገራት ብሎ ገባ። ቴሌብር ጋላፊ ላይ ይቆማል። እዚያ ያለው ዲ-መኒ የራሳቸው የስልክ ገንዘብ ነው፤ ከኛ ጋር አይነጋገርም። ብር ይዞ መሻገር ደግሞ ገደብ አለው። ከገደቡ ያለፈ ብር ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ንግግሩ ከፈታሽ ጋር ይሆናል፤ ስለዚህ ከመነሳቷ በፊት የወቅቱን ገደብ ባንክ ትጠይቅ።

ቀጥሎ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው። በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ነቅነቅ አላለም። የኛ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ እዚያ ማዶ ያለው ሚዛን ቆሟል፣ የሚወርድ የሚወጣው የኛ በኩል ነው። መድረኩ ላይ ከዓመት በፊት የተጻፈ የብርና የፍራንክ ምንዛሪ ይዞ የሚሄድ ሰው ራሱን ያታልላል። እውነቱን ነው። እዚሁ መድረክ ላይ በድሮ ዋጋ ሒሳብ የሚሠሩ ስንት አሉ!

ስለ ዝርዝርም ነገራት። ትንሹ የወረቀት ኖት 1,000 ፍራንክ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሳንቲም ነው። ፒኬ 12 ላይ፣ የኛ መኪኖች የሚቆሙበት ሰፈር፣ ሻይ ጠጥተሽ ሺውን ስትሰጪ መልሱ እፍኝ ሙሉ ብረት ነው። 50 አለ፣ 100 አለ፣ 500 አለ። አንዱ ከሌላው ሳይለይሽ ኪስሽ ይከብዳል። እሱ በመጀመሪያ ሰሞን ረዳቱ 500ውን እንደ 50 አድርጎ ለልጆች ሲያድል አይቶ መጮኹን ተረከ። ሳቅሁ፣ ግን መጥፎ ምክር አይደለም። ፊቱን አገላብጠሽ ቁጥሩን አንብቢ ነው ነገሩ።

6ኛው ሾፌሩን አረመው፣ በጨዋ ደንብ። ድንበር ላይ በእጅ ከመመንዘር ቀድሞ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዞ ባንክ ሄዶ ትንሽ ዶላር መግዛት ይሻላል አለ። ጅቡቲ ዶላር ሁሉም ያውቀዋል። አነስተኛ ኖቶች ይሁኑ፤ አሮጌና የተቀደደ አይሁን። ሾፌሩ ወዲያው መለሰ፤ ባንክ ዶላር የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን አለ። ይህ እንደ 7ኛ ተቆጠረ። ነገሩ ትንሽ መሞቅ ጀመረ።

8ኛው ሰዓትን አነሳ። እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው። ሁለቱ አገሮች አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ የስልኩ ሰዓት ድንበር ሲሻገር አይለወጥም። አቆጣጠሩ ግን እዚያ የፈረንጅ ነው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው። የሱ ጓደኛ ከጅቡቲ የሚመለስበት የአውቶቡስ ትኬት ላይ 7፡00 ይላል። ጓደኛው ተኝቶ አደረ፣ ቁርሱን በላ፣ ዕቃውን ሰበሰበ፣ በምሳ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረሰ። አውቶቡሱ የወጣው ጠዋት በኛ 1 ሰዓት ነበር። ቀኑም እንዲሁ ነው። ቪዛ ላይ፣ ትኬት ላይ፣ ሆቴል ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። በተለይ ጳጉሜ ላይ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ሁለቴ ይቁጠር አለ።

9ኛዋ በዚያው ቀጠለች። ሁለት ዓመት እዚያ የኖረች ናት። የጅቡቲ የሥራ ሳምንት ከእሁድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ከኛ ዓርብ ተነስቶ ቅዳሜ ጉዳይ ለማስጨረስ የሚሄድ ሰው ሁለት ቀን አልጋ ከፍሎ ይተኛል። በቀን ውስጥም ከ7 ሰዓት ገደማ እስከ 10 ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው ጥላ ፍለጋ ይገባል። ደሴ ላይ ፒያሳ በ8 ሰዓት ሰው ይርመሰመሳል፤ እዚያ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የምታገኘው ድመትና አዲስ መጤ ነው።

ለኔ ከሁሉ የሚበልጡት 5ኛውና 9ኛዋ ናቸው። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ዕቃ ነው። በዕቃ በኩል ግምቷ ልክ ነው፤ ሶኬቱ ያው፣ መንገዱ ላይ የሚነዳበት ጎን ያው ቀኝ፣ ውኃ በሃይላንድ መያዙም ያው። የሚለየው የቀኑ አወጣጥና የገንዘቡ አያያዝ ነው። ይኼ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይታይም።

10ኛው ስለ ጫት ነው። ከተማው በቀትር የሚዘጋው ለሙቀት ብቻ ሳይሆን ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት የሚደርሰው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው አለ። ጫቱ በየቀኑ በአውሮፕላንም በመኪናም ይገባል፤ እሱ እውነት ነው። ከዚያ 11ኛውና 12ኛው የአወዳይ ጫት ነው የወሎ የሚሻለው ብለው ተያያዙ። ይህን ልዝለለው፤ ለልጅቷ የሚረባ የለበትም።

13ኛው ነው ክሩን ያከረረው። ስሙን አልጠራም። አንድ የወሎ ልጅ ብቻዋን ጅቡቲ ስለ መሄድ ስትጠይቅ ወንድም የሚባለው ማን እንደሆነ ይገባናል አለ። ደላላ እንዳለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ጀልባ እንደሚሆን፣ መድረኩም ለእንዲህ ዓይነት ነገር መልስ መስጠት እንደሌለበት ጻፈ። ለዛ አልነበረውም።

14ኛዋ ባቲ ሰኞ ተመለሰች፤ አሁን ግን ነጋዴዋ አይደለችም የተቆጣች እናት ናት። ፓስፖርትና ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ነው በደላላ የሚሄደው? ብላ ጠየቀችው። የወሎ ሴት ሻንጣ ባነሳች ቁጥር ዐረብ አገር እየሄደች ነው የሚል ሰው አፉን ይያዝ አለች። ሾፌሩም አብሯት ቆመ። ድምፅ የሰጠ ሁሉ ለሷ ነው የሰጠው። እኔም ሰጥቻለሁ።

15ኛው ግን ሁሉንም ዝም አሰኘ። ቃሉ ለስላሳ ነው። ከቃሉ ወረዳ እንደሆነና የአክስቱ ልጅ በዚያ መንገድ እንደሄደ ተናገረ። ከጋላፊ ወዲያ ዋናውን መንገድ ትተው በእግር በአሳል አካባቢ፣ በታጁራ አድርገው ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። በዚያ መንገድ ላይ የሚገድለው ከሁሉ በፊት ጥም ነው። ልጁ ሁለት ሊትር ውኃ ይዞ ተነስቶ ነበር። ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የስደተኛ ማረፊያ አለው፤ ከዚያ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። 13ኛው የተናገረው በክፉ አፍ ቢሆንም ነገሩ ራሱ የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ለጦሳ ሳይሆን ክሩን በዝምታ ለሚያነብ ሌላ ልጅ እንደጻፈው ገለጸ። ጋሼ የሐይቁ ገብተው አመሰገኑት፤ 13ኛውን ደግሞ ልጄ፣ እውነት በስድብ ተጠቅልሎ አይሰጥም ብለው ገሠጹት። ይህ 16ኛው ነው። 13ኛው አልመለሰም።

17ኛው ከወዲያ ማዶ ነው፤ ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ የሐይቅ ሰው። ጥያቄውን ገለበጠው። ከጅቡቲ ወደ ወሎ የሚመጣ ሰውስ ምን ይያዝ? እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በታኅሣሥ ሲመጣ በነጠላ ጫማና በካናቴራ ደሴ ወረደ። ከመናኸሪያ በር ላይ የገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ሹራብ ነበር። ላሊበላ ለሚሄድ ቀላል የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ መከረ፤ 11ዱም ቤተ ክርስቲያን ጫማ ያስወልቃል፣ ድንጋዩ ደግሞ ጠዋት በረዶ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ፈልጎ የተቸገረበትን ምግብ ቤትም አነሳ። ደሴ ላይ ግን ቀጥሎ ያለው ቤት የሙስሊም ስለሆነ እዚያ በላ። ፈረንሳይኛ ጅቡቲ ቢሮ ውስጥ ያስፈልጋል፤ ገበያ ውስጥ ግን ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። ከባቲ እስከ ታጁራ አፋርኛ የሚችል ሰው መዝገበ ቃላት አይዝም አለ። ባቲ ያደጉ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ደረታቸውን እንደነፉ እገምታለሁ።

ይኸው ሰው ስለ ውኃ አንድ ነገር አነሳና 18ኛው ተከተለው። ጅቡቲ ከተማ የሚጠጣው የቧንቧ ውኃ ከፊሉ ከኢትዮጵያ ይሄዳል፤ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ከሐዳጋላ በቧንቧ። መብራትም እንዲሁ በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ከኛ ይሄዳል። ይህን ያለው በኩራት አልነበረም፤ መንገደኛ የሚጠጣውን ግን በጠርሙስ ይግዛ ለማለት ነው፤ የጉድጓዱ ውኃ ጨው ጨው ይላል። 18ኛው ግን ሞቀው። ቦርከና ደሴ ላይ ይነሳል፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባህር አይገባም፣ ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የወሎ ውኃ ከወሎ ሰው ቀድሞ ጅቡቲ ድንበር ይደርሳል ብሎ ሐተታ ጻፈ። ከርዕስ ወጥቷል፣ ግን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። አቤ ሐይቅ ከነዚያ ጭስ ከሚወጣባቸው የኖራ ዓምዶች ጋር መታየት ያለበት ቦታ ነው። ወንድሟ መኪና ካለው ይውሰዳት።

19ኛው ባቡር ለምን አልተነሳም ብሎ ተቆጣ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ናጋድ የሚደርሰው ባቡር አለ፤ በፈረንጆቹ 2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል። 20ኛው ያው ሾፌሩ ነው፤ በሦስት ቃል መለሰ፤ ደሴ ባቡር የለም። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ሐዲድ ተዘርግቷል፣ መንገደኛ ግን አልጫነም። የደሴ ሰው ያንን ባቡር ለመያዝ አዲስ አበባ ወይም አዳማ መውረድ አለበት፤ ያ ማለት በደቡብ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ነው። በሱ ሒሳብ በባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ አድርጎ ጋላፊ መውጣት ይቀርባል፤ ሎግያ አድሮ ሌሊት በቅዝቃዜው መነሳት ነው። መነሻ ቀን ላይ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመናኸሪያ መጠየቅ እንዳትረሳ አሳሰባት። አውሮፕላን የሚችል ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ይህን ያለው በፌዝ ይመስላል፤ ግን ሙቀት ለማይችል ሰው ምክር ነው።

21ኛዋ ረመዳንን አስታወሰች። ጅቡቲ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ በጾሙ ወር ቀን ቀን ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ የቢሮ ሰዓትም ያጥራል። እንደ ደሴ አንዱ ቤት ሲዘጋ ሌላው አይከፍትም። ከመግሪብ በኋላ ግን ከተማው ይነሳል፤ እስከ ሌሊት ድረስ ይበላል። እግረ መንገዷን በእቶን ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር የሚቀርበውን የየመኖች ዓሣ ሳትበላ እንዳትመለስ መከረቻት። 22ኛው የሐይቅ ቆሮሶን ሳይበሉ ስለ ዓሣ ማውራት ነውር ነው አለ። 23ኛው፣ 24ኛውና 25ኛው ዓሣ ላይ ነበሩ።

26ኛው አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። በራሱ ቪትዝ ጋላፊን መሻገር ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ሾፌሩ በመጀመሪያ ጎማውን ጠየቀው። ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረው፤ የመኪናው የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ድንበር ላይ ያልቃል፣ ሁለቱም አገሮች ያሉበት፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ ኢንሹራንስ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ መውጣት አለበት። ከክትባቱ ካርድ ጋር እንዳያምታታው። የመኪናው ሊብሬ በስሙ ካልሆነም ውክልና ይያዝ፤ የጉምሩኩን ወረቀት ጉዳይ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሁለት መለዋወጫ ጎማና ሃያ ሊትር ውኃ በጀሪካን ይጫን፤ ውኃው ለሰውም ለራዲያተርም ነው። ሰውዬው አመስግኖ በአውቶቡስ ለመሄድ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የባቲ ፍየል ዋጋ ነው።